በግንቦት የተቀበረው

አባቴ የእናቴን በሽታ በግንቦት ቀበረው። ከጓሯችን፣ ሽንኩርት ከምናከማችበት ዳስ ጀርባ፣ ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል ነበር። የሰባት ዓመት ልጅ ነበርሁ፤ በዳሱ ጭራሮ መሐል አጮልቄ አያለሁ። የፎገራ ዋልካ አፈር በግንቦት ራሱ ተሰነጣጥቆ ነው የሚቆየው፤ ስንጥቁ የልጅ እጅ እስከ ክርን ይውጣል። አባቴ በዶማ እየሰበረ ወረደ። መጀመሪያ ጉልበቱ ጠፋ፣ ቀጥሎ ወገቡ፣ ቀጥሎ ትከሻው፤ በመጨረሻ ከመሬት ውስጥ እየተወረወረ የሚወጣ አፈር ብቻ ቀረ።

አክስቴ ገላነሽ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ቆማለች። የአባቴ ታላቅ እኅት ናት፤ እናቴ የታመመች ሰሞን ልታስታምም ከአንበሳሜ መጥታ በዚያው ቀረች።

«አይበቃም እታለም?» አለ አባቴ ከታች።

«ጨምር።»

«ኧረ ደረቅ ነው። እንደ አመድ ነው የሚቦነው። እዚህ ከገባ ሰይጣንም አያገኘው።»

«እኔን የሚያሳስበኝ ሰይጣን አይደለም። ጨምር አልሁህ ንብረት!»

ጨመረ። ከዚያ አክስቴ አፉ የታሰረ የማዳበሪያ ከረጢት ጎትታ አቀበለችው። ከረጢቱ ውስጥ ነገር ይንኳኳል። አባቴ እታች አስቀመጠውና በዶማው ጀርባ ይወቅጠው ጀመር። የብርጭቆ ስብራት ሰማሁ፤ ቆርቆሮ ሲጨረማመት ሰማሁ። አባቴ ሲማታ አይቼው አላውቅም ነበር። በሬ እንኳ ሲጠምድ የሚለማመጥ ሰው ነው። ያን ቀን ግን ጥርሱን ነክሶ፣ እያለከለከ ወቀጠው። ሽታ ወጣ፤ አፍንጫ ሰርስሮ ግንባር ላይ የሚቀመጥ፣ ዓይን የሚያስለቅስ ሽታ። ያን ሽታ አውቀዋለሁ። እናቴ በታመመችበት ጠዋት ቤታችን ይሸት የነበረው እሱን ነው።

አፈሩን መልሰው ረገጡት። አክስቴ ስትዞር ዳሱ ውስጥ አየችኝ።

«ምን ትሠራለህ አንተ?»

«እቴቴ፣ አባዬ ምንድን ነው የቀበረው?»

አባቴን አየችው፤ እሱ መሬት መሬት ያያል። አጠገቤ መጥታ ቁጢጥ አለችና አፈር በያዘ እጇ ጉንጬን ያዘችኝ።

«የእናትህን በሽታ ነው።»

«ሞተ?»

«ሞተ። ወቅጦ ገደለው፤ አይተኸው የለ? ከእንግዲህ አይመለስም። አንተ ግን ለማንም እንዳትናገር። እዚያም ቦታ እንዳትጫወት። እሺ በለኝ።»

«እሺ።»

አመንኋት። ለምን አላምን? ሽታውን በአፍንጫዬ፣ ጩኸቱን በጆሮዬ፣ ቀብሩን በዓይኔ አይቻለሁ። የበሽታው መቃብር አልሁት በልቤ። ከብት ወደዚያ ሲሄድ በድንጋይ እመልስ ነበር።

የእናቴን በሽታ ምች ነው ይሉት ነበር። ለሚጠይቅ ሁሉ «ምች መቷት ነው» ይባላል፤ ጎረቤታችን ሰገን ዳማከሴ ይዛ ስትመጣ አክስቴ ተቀብላ ከደጅ ትመልሳታለች። ምች አልነበረም። ታናሽ እኅቴ ሰብለ ወንጌል በጥር በኩፍኝ ሞተች። እናቴ ሚያዝያ ድረስ ቆየችና አንድ ጠዋት አባቴ ለሽንኩርት ከሚረጨው መርዝ ጠጣች። ይህን ተቀምጦ የነገረኝ ሰው የለም። እያደግሁ፣ ከአንዱ አንድ ቃል፣ ከሌላው ዝምታ እየሰበሰብሁ ደረስሁበት። ከረጢቱ ውስጥ የነበረው በቤታችን የተገኘ መርዝ ሁሉ ነው፤ የተጋመሰውም፣ ለሚመጣው ዓመት የተገዛውም። አባቴ ለሰው እንዳይሰጥ «ምነው?» ይባላል፤ ከቤት እንዳያስቀምጥ ፈራ። የወቀጠውም እናቴ ቆፍራ ብታገኘው እንኳ የሚጠጣ ጠርሙስ እንዳታገኝ ብሎ ነው።

የውሃ ጉድጓዳችን ከዚያ መቃብር ዝቅ ብሎ፣ በበረቱ በኩል ነበር። በግንቦት ውሃ መቅዳት የአዋቂ ሥራ ነው። በሜዳው ሁሉ የሽንኩርት ማጠጫ ሞተር ከጠዋት እስከ ማታ ሲጮህ ይውላል፤ ሞተሩ በጠጣ ቁጥር ውሃው ይሸሻል፣ አክስቴ ገመድ ትቀጥላለች። ባልዲው ወርዶ ወርዶ ሲነካ ድምፁ የሚመጣው ከሌላ አገር ይመስላል። የሌሎቹ ደርቆ የእኛ ስላልደረቀ ሰገንም ሌሎቹም ሴቶች ከእኛ ይቀዱ ነበር።

ሰኔ ሲገባ ሞተሮቹ ዝም አሉ። ዝናቡ መጣ፤ መሬቱ ጠጥቶ ጠጥቶ ስንጥቁን ዘጋ። የቀጠልነውን ገመድ መልሰን ፈታን። ሐምሌ ላይ እናቴ ተንበርክካ ባልዲውን በእጇ እያጠለቀች ትቀዳ ጀመር። እኔ ውሃው እኛን ለማየት ከታች የሚወጣ ነገር ይመስለኝና ደስ ይለኝ ነበር። ጭንቅላቴን አግብቼ «ደረስህ?» እለዋለሁ።

እናቴም ከክረምቱ ጋር ተመለሰች። ፊቷ ሞላ። የሩዝ አረም ላይ ከሁሉ ቀድማ ጥግ ትደርስና የቀሩትን ትሳደባለች። አንድ ነገር ብቻ ልጅም ብሆን አስተውያለሁ፤ ብቻዋን አትተውም። አባቴ ሲወጣ አክስቴ ትገባለች። ወደ ጓሮ ስትሄድ እንኳ አክስቴ ተከትላ ወጥታ ዳሱ ጋ ቆማ ትስላለች።

«እታለም ገላነሽ!» ትላለች እናቴ ከወዲያ። «ነይ እንግዲህ፣ ቅረቢ፤ ልሸና ነው። ምስክር ያስፈልገኛል።»

«አፍሽ ይቆረጥ!» ትላለች አክስቴ፤ ግን ትስቃለች። እኔም እስቃለሁ። አክስቴ እናቴን በጣም ስለምትወዳት የማትለያት ይመስለኝ ነበር። እሱም ውሸት አይደለም።

ማታ ማታ እናቴ ትሰግዳለች። የነፍስ አባታችን ቄስ ሉቃስ የሰጧት ንስሐ ነው። እኔ የማውቀው ፍልሰታ ሲፈታ እንደምትቆርብ ነው፤ ነጭ ቀሚሷን አጥባ አጣጥፋ ሣጥን ውስጥ አስቀምጣዋለች። በየዕለቱ ክዳኑን ከፍታ ዳሰስ ታደርገዋለች።

ፍልሰታ ሲገባ አባቴ ለእሷ ስእለት ሊያደርስ ሱባኤ ገባ፤ ማርያም ቅጥር ውስጥ ከሌሎች ጋር በላስቲክ ዳስ፣ ቢጫ ነጠላ ለብሶ፣ ንፍሮ እየቆረጠመ። ቤት እኛ ሦስታችን ቀረን። የጾሙ አጋማሽ ሳይደርስ ርብ ወንዝ ሞልቶ ሩዙን አለፈና ግቢያችን ድረስ መጣ። ሌሊቱን ሁሉ ዘንቦ ያደረበት አንድ ቀን ነው፤ ስነሣ ዶሮዎቹ ዳሱ ጣሪያ ላይ ናቸው። የውሃ ጉድጓዱ እስከ አፉ ሞልቶ ከግቢው ውሃ ሊገናኝ ትንሽ ነው የቀረው።

ዳሱ ጀርባ ሄድሁ። የበሽታው መቃብር ሰርጉዷል። በሰረጎደው ላይ ውሃ ቆሟል፤ የሌላው ግቢ ውሃ ቡናማ ነው፣ ይኼ ግን እንደ ወተት ነጭ፣ ላዩ ላይ ደግሞ ጋዝ እንደ ፈሰሰበት ቀለም ቀለም ይላል። ሽታው መጣ። ጭቃው ላይ እየወደቅሁ ሮጥሁ።

«እቴቴ! በሽታው ወጥቷል!»

አክስቴ ነጠላዬን ልታለብሰኝ ይዛለች። ያን ቀን እኔን ልታስቆርበኝ ነው።

«ዝም በል! ለሥጋ ወደሙ የሚሄድ ልጅ በሽታ በሽታ አይልም። ደግሞ ተጨማለቅህ? እናኑ፣ እዪልኝ ይኼን ልጅ!»

እናቴ እግሬን አጠበችኝ። አክስቴ ነጠላዋን ታጣፋለች፣ ትፈታለች፣ እንደገና ታጣፋለች።

«ሰገንን ልጥራልሽ?»

«ምን ልትሆነኝ?»

«እንዲያው፣ እንድታጫውትሽ።»

እናቴ ቀና ብላ አየቻት። «ገላነሽ፣ የሚቆርብ ልጅ ሲመለስ የሚቀምሰው ይፈልጋል። ሽሮ እሠራለሁ። እጸልያለሁ። እዚሁ ነኝ። ሂጂ።»

አክስቴ ዓይኗን ዓይኗን ስታያት ቆየችና «እሺ» አለች። እናቴ ከሚያዝያ ወዲህ ብቻዋን ስትቀር ያ የመጀመሪያው ነበር።

ቆረብሁ። አባቴ ከሱባኤው ወጥቶ አፌን በነጠላው ሸፍኖ ግንባሬን ሳመኝ። «ለእናትህ ጸለይህ?» አለኝ፤ «አዎ» አልሁ፤ አልጸለይሁም፤ ስለ ሽሮው እያሰብሁ ነበር። ቅዳሴ ወጥቶ እኔና አክስቴ እስከ ጉልበት የሚደርስ ውሃ አቋርጠን ቤት ስንደርስ ከሰዓት በኋላ ሆኗል። ጥጃችን በረቱ ደጅ፣ ከገንዳው አጠገብ ተዘርግቷል። ተኝቷል ብዬ አለፍሁ።

እናቴ ምድጃው ጋ በጎኗ ወድቃለች። የውሃ ጣሳ አጠገቧ ተደፍቷል። ላቧ ፊቷን አጥቦታል፤ ከአፏ ምራቅ ይወርዳል፤ የክንዷ ሥጋ ከቆዳዋ ሥር እንደ እንቁራሪት ይዘላል። ሽታው አለ፤ ቀጠን ብሎ፣ ግን አለ።

አክስቴ አልጮኸችም። መጀመሪያ ያደረገችው እናቴን መንካት አልነበረም። መደቡን ገለበጠች። ሣጥኑን ከፍታ ነጩን ቀሚስ አውጥታ ወረወረች። የእህሉን ጎታ በእጇ ትበረብረዋለች።

«የት ነው? የት አገኘሽው? የት ደበቅሽው እናኑ?»

«ውሃ…» አለች እናቴ። ምላሷ ተሳስሯል። «ውሃ ነው የጠጣሁት።»

«አመንኋት እኮ!» አለች አክስቴ፤ የምትናገረው ለማን እንደሆነ እንጃ፤ ግድግዳውን ነው የምታየው። «አምኛት ሄድሁ እኮ! ወይኔ ገላነሽ!» ያኔ ጮኸች።

ሰገንና ወንዶቹ መጡ። በቃሬዛ አድርገው፣ ትከሻቸው ላይ ከፍ አድርገው፣ በውሃ ውስጥ እየተንሸራተቱ ወደ ወረታ ጤና ጣቢያ ይዘዋት ወጡ። እኔ የሰገንን ቀሚስ ይዤ ከኋላ ነኝ። ሁሉም ይናገራሉ፤ ለእኔ የሚናገር ግን የለም።

ሠርካለም የምትባል ነርስ መርፌ ወጋቻት። ቆይታ ደግማ ወጋቻት። «መርዝ ነው» አለች። «ወደ ባሕር ዳር ብልካት ደስ ይለኝ ነበር፤ የሐሙሲቱን መንገድ ውሃ ቆርጦታል። ያለኝን እሰጣታለሁ። መርዙን ከየት አገኘችው?»

«ከእኛ ቤት ጠብታ የለም!» አለች አክስቴ። «ወንድሜ ራሱ ነው…» ብላ አፏን ያዘች።

«እንግዲህ ከጎረቤት ነዋ» አለ አንዱ ቃሬዛ ያዥ።

ሰገን ብድግ አለች። «ከእኔ ቤት ለማለት ነው? የእኔ መርዝ ቆጥ ላይ እንደ ተሰቀለ ነው! ሂድና እየው! የሰው ስም ከማጥፋትህ በፊት ሂድና እየው!»

አባቴ በቢጫ ነጠላው፣ እስከ ወገቡ ጭቃ ሆኖ ደረሰ። እናቴ አልጋ ላይ ሆና አየችው።

«ንብረት፣ ውሃ ነው የጠጣሁት።»

«እሺ» አላት። እሺ ያላት ሕፃን ልጅ እሺ እንደሚባለው ነው። ግንባሯን በነጠላው ጠረገላትና ወጥቶ በረንዳው ላይ ተቀመጠ።

እኔ ከአልጋዋ እግርጌ፣ የእግሯን ብርድ ልብስ ይዤ ተጠቅልያለሁ። የተኛሁ መስሏቸዋል። ሰገን ለአክስቴ ስትንሾካሾክ ሰማሁ።

«ብትሞት ፍትሐት የላትም እኮ። ከቅጥሩም አያስገቧት።»

«ተይ ሰገን።»

«እኔ ምን አልሁ? ሕጉ ነው። ትንሿም እዚያ ብቻዋን…»

ፍትሐት ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። የገባኝ ሰብለ ወንጌል ማርያም ቅጥር ውስጥ፣ ወይራው ሥር እንደተኛችና እናቴ አጠገቧ እንዳትተኛ የሚከለክል ሰው መኖሩ ብቻ ነው። ቦታው ጠቧቸው መሰለኝ። እኔ ቀጭን ነኝና ለእኔ ያሰቡትን ቦታ ለእሷ ቢሰጧት ብዬ አሰብሁ።

ቄስ ሉቃስ ሳይመሽ መጡ። ሽማግሌ ናቸው፤ ከማርያም እዚያ ድረስ በውሃ ውስጥ መጥተው ከንፈራቸው ይንቀጠቀጣል። ከመቀመጣቸው በፊት አክስቴ አልጋው ላይ ተደፋች።

«እናኑ፣ እኅቴ፣ ስሚኝ። ጠጥቻለሁ በያቸው። በቃ፣ አንድ ቃል። ይፈቱሻል። ሁሉም ይቀራል። ከልጅሽ ጎን ትሆኛለሽ። ምናለ ብትያቸው?»

«አልጠጣሁማ።»

«አውቃለሁ፣ አታፍሪ…»

«ምን ታውቂያለሽ?» እናቴ ትንፋሽ ታጥሯታለች፤ ቃሉ አንድ አንድ እያለ ነው የሚወጣው። «ሦስት ወር ስሰግድ ከርሜ፣ ልቆርብ ሳምንት ሲቀረኝ? ለምን ብዬ?»

ቄሱ አክስቴን አስወጧት። በሩን ገፋ አደረጉት። እኔን አላዩኝም።

«ልጄ እናኑ» አሉ። «እኔ ልፈርድብሽ አልመጣሁም። የእግዚአብሔር ምሕረት ከመርዙ ይበልጣል። ሰው ሁለት ጊዜም ይወድቃል፤ አሥር ጊዜም ይወድቃል። በአንደበትሽ ብቻ በይው። እኔ በማርያም ፊት አንቺን ይዤ ልቁም። ካላልሽኝ ግን ምን ይዤ ልቁም?»

እግሯ በብርድ ልብሱ ውስጥ ከእጄ ላይ ይንቀጠቀጣል።

«አባቴ፣ ያላደረግሁትን አድርጌአለሁ ብዬ ልሙት?»

«አላልሁም…»

«እሱን ነው ያሉኝ። ስለ መጀመሪያው ነግሬዎታለሁ፤ አልዋሸሁዎትም። ዛሬ ሽሮ ሠራሁ። ጠማኝ። ውሃው ሞልቶ ነበር፤ ቀድቼ ጠጣሁ። ሌላ የምለው የለኝም። ከሰብለ ቢለዩኝም፣ ውሸት ይዤ አጠገቧ አልተኛም።»

ቄስ ሉቃስ መስቀላቸውን ግንባሯ ላይ አደረጉና አለቀሱ። አዋቂ ሰው፣ ያውም ቄስ፣ ሲያለቅስ ሳይ ፈራሁ። በሩ ተገርበብ ብሎ ስለነበር ሹልክ ብዬ ወጣሁ።

አባቴ በረንዳው ላይ እንደተቀመጠ ነው። አጠገቡ ቁጭ አልሁ። ቆይቼ «አባዬ» አልሁት።

«እ።»

«የቀበርኸው በሽታ ወጥቷል።»

አልሰማኝም መሰለኝ። ደገምሁለት።

«ማን ነው እንዲህ ያለህ?»

«እኔ አየሁት። ጠዋት። መቃብሩ ሰርጉዶ ላዩ ላይ ቆሟል። ነጭ ነው።»

«ውሃ ነው ልጄ። ክረምት ነው።»

«ውሃ ነጭ ነው? እንደ ወተት ነው እኮ። ደግሞ ይሸታል። ያን ጊዜ ምች ሲመታት የሸተተውን ይሸታል።»

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። ፊቴን ያየኛል፤ ግን የሚያየው እኔን አይደለም። አሁን ሳስበው የግቢያችንን ውሃ እያየ ነበር፤ ከዳሱ ጀርባ ተነሥቶ ወደ በረቱ፣ ከበረቱ ወደ ጉድጓዱ አፍ።

«ጥጃውስ?» አለ ድንገት። «ጥጃው እንዴት ነው?»

«ገንዳው ጋ ተኝቷል።»

ተነሣ። ነጠላውን እንኳ ሳያስተካክል በጨለመው ሰማይ ሥር ወደ ውሃው ገባ።

ዛሬ እንጀራዬ ጉድጓድ መቆፈር ነው፤ ከወረታ ዙሪያ እስከ ዋንዛዬ መንገድ ድረስ ብዙ ሰው ቤት ቆፍሬአለሁ። በፎገራ በግንቦት የምትቆፍረው መሬትና በነሐሴ የምትረግጠው መሬት አንድ መሬት አይደለም። አባቴ ጥልቅ በቆፈረ ቁጥር የሚርቅ መስሎት ነበር። ደረቁ አታለለው። እየቆፈረ ወደ ውሃው መንገድ እየወረደ መሆኑን አላወቀም፤ ክረምት ሲሆን ውሃው ከታች ተነሥቶ ያንን ሁሉ ስብርባሪ አጥቦ ወደ ላይ ይዞት ወጣ፣ ከዚያ ቁልቁል ወደ እኛ ጉድጓድ አሻገረው። ሰው ለማንም ባልነገረው ቦታ የደበቀውን፣ ውሃ አገኘው።

ያን ምሽት አባቴ ያደረገውን የነገረችኝ፣ ከኋላው ወደ ቤቷ የተመለሰችው ሰገን ናት። ጥጃው ሞቷል። አባቴ ጉድጓዱን አሸተተ። ነገ ማለዳ ሴቶቹ በበጋ እንደለመዱት ሊቀዱ እንደሚመጡ ያውቃል፤ ስለዚህ አልተመለሰም። ጎሕ ሲቀድ እንስራና ጀሪካን ይዘው ሲመጡ በሩ ላይ ቆሞ አገኙት።

«አትቅዱ።»

«ምነው ንብረት?»

«መርዝ አለበት።»

«መርዝ ከየት መጣ?»

እዚህ ላይ፣ አለች ሰገን፣ ቤቱን የሚሸፍን ውሸት አጥቶ አይደለም። የሞተ አይጥ ገባ ቢል ያምኑት ነበር። እሱ ግን ለመጡት ሁሉ፣ ለእያንዳንዷ፣ ተናገረ፤ ሚስቱ በሚያዝያ ምች እንዳልመታት፣ በግንቦት ምን እንደቀበረ፣ ትናንት እናኑ ከዚህ ጉድጓድ ቀድታ እንደጠጣች። «ራሱን በአደባባይ ሲገፍፍ አረፈደ» አለችኝ።

ረፋድ ላይ ጤና ጣቢያ ተመለሰ። በእጁ ጠርሙስ አለ። እናቴ ቀና ብላለች፤ ሌሊቱን አልፋዋለች፤ ሠርካለም ሾርባ በማንኪያ ትሰጣታለች። ቄስ ሉቃስ ሱባኤውን ትተው እዚያው አድረዋል። አክስቴ አለች። አባቴ ማንንም ሳያይ ጠርሙሱን ለቄሱ ሰጠ።

«አባቴ፣ ይህን ያሽትቱልኝ።»

አሸተቱ። ፊታቸውን አዞሩ።

«ከጉድጓዳችን ነው» አለ አባቴ። «እኔ ነኝ። ከእሷ ልሸሽገው ብዬ ቀበርሁት። ደረቅ መሰለኝ። ውሃ ነው የጠጣችው፤ ከቤቷ ጉድጓድ፣ ውሃ።»

አክስቴ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ቄስ ሉቃስ ወደ አልጋው ቀረቡና ሽማግሌው ሰውዬ ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ይቅር በይኝ ልጄ።»

እናቴ መስቀላቸውን ሳመች። «እግዚአብሔር ይቅር ይበለን» አለች። እሳቸውን ይቅር ማለቱ ቀለላት። ወደ አባቴ ስትዞር ግን ዓይኗ ሌላ ነበር።

«ትናንት ምን አልሁህ ንብረት?»

«ውሃ ነው አልሽኝ።»

«አላመንኸኝም።»

«አላመንሁሽም።»

እሱን ለማስተባበል አንድ ቃል አልጨመረም። ያኔ አክስቴ እንባዋን በመዳፏ እየጠረገች «ይኼ ልጅ ነው የነገረው» አለች። «በሽታው ወጥቷል ብሎ። ለእኔም ጠዋት ነግሮኝ ነበር፤ ዝም አሰኘሁት።»

እናቴ እጇን ዘረጋችልኝ። «ልጄ አመነኝ» አለች። «ይኸው፣ ከዚህ ሁሉ ሰው መሐል ልጄ አመነኝ።»

ከወረዳ የመጡ ሰዎች ጉድጓዱን ኖራ ጨምረው ዘጉት፤ የዳሱንም ጀርባ ቆፍረው ያገኙትን አፈር ጭነው ወሰዱት። ውሃው በኅዳር ወረደ። መርዙ ግን ሁሉም አልወረደም፤ ከዋልካው ጋር ተጣብቆ የቀረ ነበርና በሚቀጥለው ክረምት ውሃው ሲነሣ ሽታው ደግሞ መጣ፤ በሦስተኛውም መጣ። ከዚያ በኋላ ማንም ከዚያ ግቢ ውሃ አልቀዳም። እናቴ በዚያ ፍልሰታ አልቆረበችም፤ ድካሟ አልለቀቃትም ነበር። በጥቅምት ቆረበች፤ አክስቴ ቀሚሱን እንደገና አጥባላት።

ከአባቴ ጋር አብረው አሉ። ሽንኩርት አይዘራም፤ ሩዝ ብቻ። ጣሳ ሲያቀብላት ራሱ አስቀድሞ ይጎነጭላታል፤ በሰው ፊትም ቢሆን። እሷ ዝም ብላ ትጠብቀውና ትቀበለዋለች። ያ በመካከላቸው ያለ ነገር ነው፤ እኔ አልገባበትም።

እኔን ግን ለሰው ስታስተዋውቅ እስከ ዛሬ ያንኑ ነው የምትለው። ለሙሽራ፣ ለእንግዳ፣ ለማላውቀው ሰው፤ «ስሙ መባ ነው፤ ያመነኝ ልጄ።» እኔ ዓይነ አፋር ነኝና ጎንበስ እላለሁ፤ ሰው ከትሕትና ይቆጥርልኛል።

አምና በፍልሰታ ዋዜማ ቤት ሄጄ ደጅ ተቀምጠን ሩዝ ትለቅማለች። ዝናቡ ቆም ብሏል። ሰፌዱን እያወዛወዘች፣ ሳታየኝ፣

«መባ» አለችኝ። «ያኔ በምን አወቅህ? ሁሉም ጠጥታለች ሲል፣ አንተ በምን አወቅህ?»

ጠጥታለች ማለታቸውን አላውቅም ነበር። የሚታመንም የሚካድም ነገር መኖሩን አላውቅም ነበር። እኔ የነገርሁት ስለ በሽታው ነው፤ ተወቅጦ ስለተቀበረው፣ ነጭ ሆኖ ስለወጣው። እሷን ለማመን አልደረስሁም፤ ልጅ ነበርሁ። ይህን ልነግራት አፌን ከፈትሁ። ሰፌዱን ማወዛወዝ አቁማ ትጠብቀኛለች፤ ሽበቷ ከሻሿ ወጥቷል።

«አንቺ ውሃ ነው ስላልሽ» አልኋት።

«እኮ» አለች። ሩዟን መልቀም ቀጠለች።